ጥርስ የጎደለው አዋጅ

ይህን ተረት በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ። አያቴ ስትነግረን ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ያመለጠኝ ቦታም ሊኖር ይችላል። በተለይ ሁለት ቃላት ያጠራጥሩኛል። ተረቱ የሚዞረው በእነሱ ላይ ስለሆነ፣ የትኛው የት እንደተባለ ደጋግሜ አስቤ፣ ይሆናል ባልሁበት ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ። ከተሳሳትሁ ስህተቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። የቀረውን እሷ እንዳለችው ልናገር።

አያቴ ለእያንዳንዱ ተረት የራሱን መልስ ታስጠናን ነበር። ለዚህኛው እንዲህ ነው።

«ተረት ተረት!»

«የገንቦ አንገት!»

በድሮ ዘመን፣ ቀይ ገደል በሚባል አገር፣ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ጥጋቡ ይባላል። እሷ ጭቃ ታቦካለች፤ እሱ አዋጅ ይናገራል። እሷ ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ትሠራለች። እሱ ደግሞ እቤቱ ተቀምጦ «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ማዶ ያለ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል።

አንጓች አፈሯን የምታመጣው ከገደሉ ሥር ነው። ሲነኩት እንደ ቅቤ ነው፤ እሳት ሲያየው አይሰነጠቅም። እንዲህ ያለ አፈር ሌላ አገር የለም። ከሩቅ አገር ስንት ባል ሲጠይቃት «አፈሬን ትቼ አልሄድም» ብላ፣ ቅርብ የተገኘውን ጥጋቡን አገባች ይባላል። ጥጋቡም ይህን ያውቃል። አይከፋውም።

ታዲያ አንጓች አንድ አመል ነበራት። ጭቃው እርጥብም ደረቅም ሳይሆን፣ ጣት ሲጫነው እምቢ ሲል፣ እሾህ ሲጭረው ግን እሺ ሲል፣ ያን ሰዓት ጠብቃ መቅረጽ ትወዳለች። በእሾህ የዶሮ እግር ትጭራለች። በተሰነጠቀ ሸምበቆ የዓሣ አጥንት ትቆርጣለች። ከዚያም ራቅ ብላ ቆማ ታያለችና ለራሷ ትስቃለች።

የአገሩ ሰው ግን ጌጥ አይወድም። ሴቶቹ ሊወስዱ ሲመጡ ገንቦውን ያገላብጡና፦

«እትዬ አንጓች፣ ይሄ ጭረት ጠላውን ያጣፍጠዋል?» ይሏታል።

«አያጣፍጠውም።»

«እንግዲያው ልሙጡን ስጪኝ። ጭረቱ ውስጥ ጥላሸት ሲገባ የማጥበው እኔ ነኝ።»

አንጓችም ምን ታድርግ? ጌጡን ወደ ቂጡ ወሰደችው። ገንቦውን ልሙጥ አድርጋ ትሠራና ሰው በማያየው በሥሩ በኩል ትቀርጸዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የቀይ ገደል ሰው ሁሉ ሳያውቀው በጌጥ ላይ ጠላውን አስቀምጦ ይኖር ነበር።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ደግሞ ደምለው ይባላል። ስስታም ነው። ቤቱ የገባ እንግዳ እርቦት ገብቶ እርቦት ይወጣል። ሰዎች ሊያናድዱት ሲፈልጉ አንጓችን «ጭቃ ሹሚቱ» ይሏታል። ጭቃው የሚታዘዘው ለእሷ ነዋ! ይህ ደምለውን ያንገበግበዋል። በዚያ ላይ የጥጋቡን ነጋሪት ለእህቱ ልጅ ይመኘዋል። «መቼ ነው ይሄ ሰውዬ የሚሳሳተው?» እያለ ይጠብቃል።

ከዚያም የአገሩ ገዢ ሴት ልጁን ሊድር አሰበ። ለድግስ ጋን ያስፈልጋል፤ ገንቦ ያስፈልጋል። ገዢውም መልእክተኛ ጠራና፦

«ከየቤቱ ደህና ደህናው ለድግሴ ይወሰድ። ‹ሸክላ ሁሉ ይቀረጥ› ብለህ አስነግር። ከመስቀል በኋላ ቀራጭ እልካለሁ። ቃሌን ያጣመመ ከአገር ይሰደድ!» አለው።

መልእክተኛው ቀይ ገደል ደርሶ ለጥጋቡ በጆሮው ነገረው። ጥጋቡም ቃሉ እንዳይጠፋበት፦ «ይቀረጥ፣ ይቀረጥ፣ ይቀረጥ» እያለ እስከ ገበያው መሃል ሄደ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር።

ነጋሪቱ ግን በዚያው ሰሞን አዲስ ቆዳ ተወጥሮበት ነበር። ጥጋቡ ይህን ረሳ። እንደ ወትሮው ኃይሉን ሰብስቦ ዱላውን አነሣና ደለቀው። ዱላውም ከአዲሱ ቆዳ ነጥሮ ተመለሰና አፉን አለው! የፊት ጥርሶቹ እልም። አዋጅ ደግሞ ከተጀመረ አይቋረጥም። ጥጋቡ ጥርሶቹን መዳፉ ላይ ተፍቶ፣ ጨብጧቸው፣ እንዲህ ሲል ጮኸ፦

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ከመስቀል በኋላ ቀራጭ ይመጻል! ሸክላ ሁሉ ይቀረጽ! ቃሉ የገዢው ነው፤ ነጋሪው ጽጋቡ ነኝ!»

አያችሁ ልጆቼ? የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ምላሱ የምትደገፍበት የላትም። «ጠ» ብሎ ሲነሣ «ጸ» ሆኖ ይወጣል።

ሰውም እርስ በርሱ ተያየ። «ይመጻል» ያለውን «ይመጣል» ብሎ አቃናው። «ጽጋቡ» ያለውንም «ጥጋቡ» ብሎ አቃናው። «ይቀረጽ» ያለውን ግን ማንም አላቃናውም። ይቀረጽ ማለት አለ አይደል? ጌጥ ይውጣለት፣ ይጫርበት ማለት ነው። ደግሞስ ቀረጥ የሚባል ነገር መስማት የሚወድ ጆሮ የት አለ?

አንዱ፦ «ጋኔ ምን አድርጎት ነው የሚቀረጸው?» አለ።

ሌላው፦ «ዝም በል! ቀራጭ ይልካል አልተባለም? የቅርጽ ሊቅ ነው የሚመጣው። ልሙጥ ጋን ያገኘበት ሰው ወዮለት!» አለው።

ጥጋቡ ይህን ሰማና ደነገጠ። እየሮጠ መሃላቸው ገባና፦

«ኧረ ሰዎች! ይቀረጽ አይደለም ያልሁት! ይቀረጽ ነው!» አለ።

«እሱን እኮ ነው የምንለው አያ ጥጋቡ። ይቀረጽ!»

«ይቀረጽ አላልሁም! ይቀረጽ!»

«ሰምተናል አልን! አሁንስ አፍህን ታጠብ፤ ደም በደም ሆነሃል።»

ጥጋቡም አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። አንጓች ጭቃ ስታቦካ አገኛት።

«ጥርስህ የታለ?» አለችው።

መዳፉን ከፍቶ አሳያት።

«እሱስ ይሁን፤ አዋጁ ምን ነበር?»

«ይቀረጽ።»

አንጓች ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፤ ፊቷ በራ። «ሸክላው? ይቀረጽ አሉ? ገዢው እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው ነው እንዴ!»

«አይደለም! ይቀረጽ!»

«እኔስ ምን አልሁ?»

ጥጋቡ ቃሉን ተወውና በእጁ አስረዳት። ገንቦ አነሣ፤ በር ድረስ ወሰደ፤ በቅሎ ላይ እንደሚጭን አደረገ፤ ባዶ እጁን አራገፈ፤ ከዚያም እንደ ገንቦው ባለቤት ሆኖ አለቀሰ። አንጓች አየችው፣ አየችውና ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ቀረጥ ነው?»

«እሱ!»

«ይቀረጥ ነው ያሉት?»

«እሱ! ይቀረጽ!»

ከዚያ ጥጋቡ፦ «ቃሌን ያጻመመ ከአገር ይሰደድ ብሏል» አለ።

አንጓች ወደ ገደሉ አየች። «ሌላ አገር ያለው አፈር አሸዋ ነው» አለች።

«እኔንስ አታዝኚልኝም?»

«አንተንማ ይዤህ እሄዳለሁ። ገደሉን ነው ይዤው መሄድ የማልችለው።»

«እንግዲያው ነጋሪቱን ይዤ ልመለስና አስተካክዬ ልናገር።»

«በየትኛው ጥርስህ?»

ጥጋቡ ምላሱን ወደ ባዶው ቦታ ልኮ ዳበሰና፦ «አንቺ ንገሪያቸው» አላት።

«እኔ ከነገርሁ ደምለው ይሰማል። ደምለው ከሰማ ነጋሪቱ ለእህቱ ልጅ፣ ስደቱ ለእኛ።»

«ምን ይሻለናል ታዲያ?»

አንጓች እጇን ጭቃው ውስጥ መልሳ ከተተች። «ሌላ ምን እናውቃለን? እንቅረጽ። ማን ያውቃል፣ የሚመጣው ሰውዬ ጌጥ ይወድ ይሆናል።»

በየቤቱ ግን ጥፋት ተጀምሯል። የተተኮሰ ሸክላ አይቀረጽም፤ ይሰበራል እንጂ። ይህን አንጓች ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን የለም። አንዱ በወስፌ ሞከረና ገንቦው ተበሳ። አንዱ በመሮ ሞከረና ጋኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ጠላው ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ገባ። ጎረቤቱም ደህና አድርጎ ተቀበለው። አንዲት ሴት ደግሞ ባሏን፦ «አንተ ያዘው፣ እኔ ልቅረጽ» አለችውና ጣቱን ቀረጸችው። መንደሩ ገል በገል ሆነ። ዶሮ እንኳ እግሯን እየመረጠች ነበር የምትረግጠው።

ከዚያም ሁሉም ወደ አንጓች መጡ። ደጇ ላይ ተጋፉ።

አንዱ፦ «እትዬ አንጓች፣ ከጎረቤቴ የሚበልጥ ጌጥ!» አላት። ጎረቤቱም ከኋላው ብቅ ብሎ፦ «ለእኔም ከእሱ የሚበልጥ!» አላት። ለሁለቱም አዲስ ጋን ሠርታ፣ ሳይተኮስ አንድ ዓይነት ቀረጸችላቸው። አንዱን በጥዋት፣ አንዱን በማታ ሰጠቻቸው። ሁለቱም አሸነፍሁ ብለው ሄዱ።

አንዲት ሴት ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፦

«የባሌን ማንኮራፋት ቅረጪልኝ። ሊቁ ሰውዬ አይቶ ይፍረድልኝ» አለቻት።

አንጓች አሰበች። ከዚያም በጋኑ ዙሪያ ጠመዝማዛ መስመር ጀመረች። መስመሩ ትንሽ ሆኖ ይነሣል፤ እያደገ፣ እያበጠ፣ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቁርጥ ይላል። ትንሽ ልሙጥ ቦታ አለ። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ሴትዮዋ አይታ፦ «እሱን ራሱን!» ብላ አጨበጨበች። ባሏ ማታ ጋኑን ዞሮ ዞሮ አይቶ፦ «ምንድን ነው ይሄ?» ሲላት፦ «ወንዝ ነው» አለችው።

ሰው ሁሉ ሄዶ ሲያልቅ ጭቃ ሹም ደምለው መጣ። ግራ ቀኙን አየና፦

«ለጋኔ ክዳን ሥሪልኝ። ላዩ ላይ ድፎ ዳቦ ቅረጪበት» አላት።

«ዳቦ ጌታዬ?»

«ዳቦ። እንግዳ ሲገባ ከሩቅ ያየዋል። ዳቦ ያየ ሰው ሆዱ ይረጋጋል። እኔም ‹ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ይቆረሳል› እያልሁ አስመሸዋለሁ። ከዚያ ይተኛል።»

«ጥዋት ሲነሣስ?»

«ጥዋትማ መንገደኛ ነው፤ ይሄዳል።»

አንጓች ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሠራችው። ላዩን እንደ ዳቦ ነፋ አደረገችው። በሸምበቆ ሰያፍ ሰያፍ አድርጋ ቆረጠችው። ዙሪያውን በኮባ ቅጠል ጅማት አተመችው፤ በኮባ የተጋገረ ዳቦ ጀርባው እንዲያ ነውና። በእሾህ ጫፍ ጥቁር አዝሙድ የመሰለ ነጠብጣብ ወጋችበት። በኩበት እሳት ስትተኩሰው ቀለሙ የዳቦ ቅርፊት ሆኖ ወጣ። እንዲበርድ ደጅ ብታስቀምጠው ጥጋቡ ከውጭ መጣና እጁን ሰደደ። አንጓች እጁን መታችው።

«በቀሩህ ጥርሶች አትጫወት!»

መስቀል አለፈ። ከገዢው ዘንድ ባሻ ንጋቱ የሚባል ቀራጭ ብዙ በቅሎ አስከትሎ መጣ።

«ቀራጭ መጣ! ቀራጭ መጣ!» ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ ከመንገድ ወጥተው በቅሎውን ያዙለት። ባሻ ንጋቱ እስከዚያ ቀን ድረስ የገባበት አገር ሁሉ ውሻ ነበር የሚለቅበት። አሁን ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ቀራጭን እልል ብሎ የሚቀበል አገር አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር» አለ። «ሁሉ ዝግጁ ነው?»

«አንድም የቀረ የለም ጌታዬ!» አሉት።

«የደበቀስ?»

«ኧረ ምን ብለን እንደብቃለን! ይኸው ደጅ አውጥተነዋል! የእኔን ያስቀድሙልኝ!»

«የለም፣ የእኔን ይዩልኝ!»

ባሻ ንጋቱ ተደነቀ። እየተሻሙ ቀረጥ የሚሰጡ ሰዎች! «እንዲህ ከሆነማ ሁሉንም ጫኑ!» ብሎ አሽከሮቹን አዘዘ።

ያኔ ባለ ወንዝ ጋኗ ሴትዮ፦ «ወዴት ነው የሚጫነው?» አለች።

«ወደ ድግሱ ነዋ። ተቀርጧል አላላችሁም?»

«ተቀርጿል ነው ያልነው!»

«ምን?»

«ተቀርጿል! ይኸው ይዩት፣ የዓሣ አጥንት፣ የዶሮ እግር፣ የባሌ... ወንዝ!»

ባሻ ንጋቱ ጋኑን አየ። ሰዎቹን አየ። ገባው። እንባው ባንዴ ደረቀ።

«ይቀረጽ ብሎ የነገራችሁ ማነው?» ብሎ ጮኸ።

ጭቃ ሹም ደምለውም ጣቱን ቀሰረና፦ «ያ ነው ጌታዬ! ያ ጥርስ አልባው! እኔማ የዚያኑ ዕለት ጠርጥሬ ነበር» አለ።

ባሻ ንጋቱም ጥጋቡን፦ «ነገ ጥዋት ገዢው ፊት ትቀርባለህ። ከነሚስትህ። ጓዛችሁን አዘጋጁ» አለው።

አንጓች ወደ ገደሉ ሄደች። አፈር ቆፍራ በቁና ሞላችና ወደ ቤት አመጣች። ጥጋቡ፦ «ይህን ሁሉ ልንሸከም ነው?» አላት። «ዝም ብለህ ተሸከም» አለችው።

ባሻ ንጋቱ ያን ማታ ጭቃ ሹም ደምለው ቤት አደረ። መንገዱ አስርቦታል፤ ጩኸቱ ደግሞ የባሰ አስርቦታል። ቁጭ እንዳለ ዓይኑ ጋኑ ላይ አረፈ። ድፎ ዳቦ! በኮባ የተጋገረ፣ አዝሙድ ያለበት።

«ግሩም ዳቦ ነው» አለ።

«አዎ ጌታዬ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ይቆረሳል» አለ ደምለው።

«ትኩስም ቢሆን ግዴለም።»

«ኧረ ሆድ ይነፋል! እስቲ ከብቶቹ መግባታቸውን አይቼ ልምጣ» ብሎ ደምለው ወጣ። እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር ከብቶቹን ሊያይ ይወጣል። ከብት ግን የለውም።

ባሻ ንጋቱ ጠበቀ። ዳቦውን አየ። በሩን አየ። ዳቦውን አየ። ቤቱ ድንግዝግዝ ብሏል። «ከዳር ትንሽ ብቀምስ ማን ያውቃል?» አለና ተነሣ። ልክ ዳቦውን ሲያነሣ የእግር ኮቴ ሰማ። ሊቆርሰው ጊዜ የለውም። እንዳለ ወደ አፉ አስጠጋና ባለው ኃይል ገመጠው።

ቀጭ!

ክዳኑ ምንም አልሆነም።

ደምለው ሮጦ ገባ። «ምን ሆኑ ጌታዬ?»

«ጽርሴን!»

«ምንዎን?»

«ጽርሴን! ጽርሴን በላኝ!»

ደምለው ክዳኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተሸራረፈም» አለ። ባሻ ንጋቱም በንዴት ክዳኑን ነጠቀውና፣ በሴትዮዋ ላይ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ከረጢት ውስጥ ከተተው።

ጥዋት ወደ ገዢው ሲሄዱ ባሻ ንጋቱ አፉን በነጠላ ጠቅልሎ በቅሎ ላይ ተቀመጠ። አንጓችና ጥጋቡ ከኋላ አፈራቸውን ተሸክመው ይከተላሉ። ወንዝ ሲደርሱ ባሻ ንጋቱ ከነጠላው ውስጥ አሽከሩን፦

«በቅሎዋን ውሃ አጽጻት!» አለው።

አንጓች ቀጥ ብላ ቆመች። ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችውና፦ «ሰማህ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ግዴለም። ገዢው ፊት የጠየቁህን ብቻ መልስ። ቁናውን አውርደው፤ ወገብህ ይረፍ። ስንመለስ እንወስደዋለን።»

ገዢው ሾላ ሥር ተቀምጧል። መኳንንቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ልትዳር ያለችው ልጁ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታያለች።

«ባሻ ንጋቱ፣ ቀረጤ የታለ?» አለ ገዢው።

ባሻ ንጋቱ ነጠላውን ከአፉ ሳያወርድ እጅ ነሣ። «ጌቶች፣ ይህ ሰውዬ ቃልዎን አጻመመው።»

«ምን አድርጎ?»

«እርስዎ ‹ይቀረጽ› ብለው አዘዙ። እሱ ግን ‹ይቀረጽ› ብሎ ነገረ።»

ገዢው ጆሮውን ወደ እሱ አስጠጋ።

«እኔ ምን አልሁ?»

«ይቀረጽ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ይቀረጽ።»

«ታዲያ እኔ ያልሁትን ካለ ምን አጠፋ?»

ባሻ ንጋቱ ላብ አጠመቀው። ነጠላውን ጥሎ በሙሉ አፉ፦ «አይደለም ጌቶች! እርስዎ ያሉት ይቀረጽ ነው! እሱ ያለው ግን፣ ይ-ቀ-ረ-ጽ!» አለ።

ገዢው ወደ ጥጋቡ ዞረ። «አንተስ? ምን ብለህ ነገርህ?»

ጥጋቡ እጅ ነሥቶ፦ «ጌቶች እንዳሉት። ይቀረጽ» አለ።

ባሻ ንጋቱ በቃል ቢያቅተው በእጁ ሊያስረዳ ተነሣ። ከገዢው አጠገብ የነበረውን የውሃ ገንቦ ብድግ አደረገ፤ ትከሻው ላይ ጫነ፤ ሊወስድ እንደሚሄድ ሆኖ ሮጠ። ዘበኞቹ፦ «ሌባ!» ብለው ወደቁበት። ገንቦው ተሰበረ። መጀመሪያ የሳቀው ገዢው ይሁን ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ልጁ እኔ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አያቴ ልጁ ናት ያለች ይመስለኛል።

ያኔ አንጓች ወደ ፊት ወጥታ መሬት ሳመች።

«ጌቶች፣ እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ ነገር አላውቅም። ቃሌን ያጣመመ ይሰደድ ብለዋል። ባሌ ጥርሱ ወልቆ፣ አዋጁን አላቋርጥም ብሎ፣ አንድ ቀን አጣመመው። እኚህ ጌታ ግን አሁን እፊትዎ ቆመው ስንቴ አጣመሙት? የምንሰደድ ከሆነ አብረን እንሰደድ። መንገዱ ለጨዋታ ይመቻል።»

ገዢው ብድግ አለ። «ሁለታችሁም አፋችሁን ክፈቱ!»

ከፈቱ። አንዱ ከሌላው አይለይም።

«አንተስ ባሻ፣ ምን አግኝቶህ ነው?»

«ዳቦ ጌቶች።»

«ምን ያለ ዳቦ ነው ጥርስ የሚያወልቅ?»

ባሻ ንጋቱ ክዳኑን ከከረጢቱ አውጥቶ አቀረበ። ገዢው አየው። ገና ቁርስ አልበላም ነበር። ሊቆርስ እጁን ሰደደና ጣቱ ሙልጭልጭ ባለው ሸክላ ላይ ተንሸራተተ። አንኳኳው፤ ጮኸ። አገላበጠው፤ የኮባውን ጅማት በጥፍሩ ተከተለ። ከዚያ ሆዱን ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። ልጁም ከመጋረጃው ወጥታ ክዳኑን ከእጁ ወሰደችና፦

«አባባ፣ ለሠርጌ እንዲህ ያለ ካልሆነ ልሙጥ ጋን አልፈልግም» አለች።

ገዢውም እንባውን ጠርጎ ፈረደ። «ሁለቱንም ካሰደድሁ አዋጄን የሚናገር፣ ቀረጤን የሚሰበስብ ሰው የለኝም። ስለዚህ ሸክላ ሁሉ ይቀረጽ። ያልሁትም እሱን ነው። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ይዞ፣ ሴትዮዋም ወደ ጭቃዋ ተመልሳ አገራቸው ይግቡ። አንተ ግን ባሻ፣ ቀረጥ ብለህ መጥራት የማትችል ቀራጭ ምን ታደርግልኛለህ? ጥርስ እስክታበቅል ድረስ ከሴትዮዋ ጋር ሂድና ሸክላ ቅረጽ። ያም ቀራጭ ነው፣ ይህም ቀራጭ ነው።»

አንጓችም ስትመለስ ቁናዋን ከወንዙ ዳር አነሣች። የተሸከመው ግን ባሻ ንጋቱ ነው።

ሠርጉ ሲደርስ የቀይ ገደል ሰው ማንም ሳያዘው ጋኑን ጠላ እንደ ሞላ ተሸክሞ ሄደ። ያን ሁሉ ጌጥ ለብቻው እቤት ውስጥ ሊያየው ነው? እዚያም ሲጠጣ ሲጠጣ አንዱ ሰካራም የመጨረሻዋን ጠብታ ሊጨልጥ ከድሮዎቹ አንዱን ገንቦ ደፋው። ቂጡ ላይ የዓሣ አጥንት! «ኧረ ይሄም አለው!» ብሎ ጮኸ። ድግሱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያገኘውን ሸክላ ይገለብጥ ጀመር። አንጓች ከጥግ ሆና እያየች ለራሷ ሳቀች።

ደምለውም ክዳኑን ሙሽራዪቱ ወስዳበት ቀረች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የገባ እንግዳ እውነተኛ ዳቦ ቢቀርብለት እንኳ በጣቱ ሳያንኳኳ አይበላም ነበር። ባሻ ንጋቱ ደግሞ መጀመሪያ የቀረጸው የዶሮ እግር የላም እግር ሆኖ ወጣ። እየዋለ እያደረ ግን አማረለት። ጥርስ አላበቀለም፤ ስለዚህ እዚያው ቀረ።

«ተረቴን ለጎረቤት አድርሱ፤ ለእኔም ዳቦ ቁረሱ። ቅርፊቱን ለራሳችሁ አድርጉት፤ ለእኔ ከመሃሉ፣ ከለስላሳው። መጀመሪያ ግን አንኳኩት!»

ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ያጠራጠረኝን ነገር እናቴን ጠየቅኋት። አያቴ የፊት ጥርሶቿን ያጣችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ስለዚህ «ይቀረጥ» የሚለውን ቃል ከእሷ አፍ አንድም ቀን ሰምተነው አናውቅም።